ኃይለ ገብርኤል በየትኛው ይጻፍ

«ይደወልለት እንጂ! በአንድ ሰው ምክንያት ይህ ሁሉ ሰው ፀሐይ ይውጣበት?»

ጌዲዮን ይህን የሚለው የቅጥቅጡ አውቶቡስ በር ላይ በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ የጉዞ አስተባባሪ ከሆነ ገና ሁለተኛ ወሩ ስለሆነ ሥልጣኑ እንደ አዲስ ጫማ አልለመደውም፤ በየደቂቃው ዝርዝሩን ከፍ አድርጎ ሰው ይቆጥራል። ሠላሳ ዘጠኝ። እንደገና ከኋላ ይጀምራል። አሁንም ሠላሳ ዘጠኝ።

«ኃይለ ገብርኤል! ኃይለ ገብርኤል የሚባል ማነው? የሚያውቀው የለም?»

«ስንቅ ሲያዘጋጅ አምሽቶ እንቅልፍ ጥሎት ይሆናላ!» አለ ከኋላ ወንበር አንዱ።

«የመልአኩን ስም ይዞ እንዲህ ከተጎተተ፣ ስሙን ይመልስ!» አለች አስቴር። አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። አስቴር አቃቂ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ትቸረችራለች፤ ምላሷ ከሚዛኗ ይፈጥናል።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ሰይፈሥላሴ ግን አልሳቀም። ይህ ስም በዚህ ሁሉ ሰው መሐል ጮክ ተብሎ ሲጠራ ሰምቶ አያውቅም። ልጁን ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው ሞቲ ብሎ ነው፤ ስሙን ያወጡለት የእናቱ አባት ናቸው፣ አቃቂ ገና እርሻ ሳለ ጤፍ ያርሱ የነበሩ ሰው። ኃይለ ገብርኤል የክርስትና ስሙ ነው። እሱን የሚያውቁት ያጠመቁት ቄስ፣ ክርስትና አባቱ፣ አባቱና እናቱ ናቸው። ሰይፈሥላሴ ወደ ሚስቱ ዘወር አለ። አደሴ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ወደ ፊት ታያለች።

«ቁጥር ሃያ ሦስት» አለ ጌዲዮን ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ። «እህ! ከጋሽ ሰይፉ ቤት ነው የተላከው። ሰይፈሥላሴ፣ አደሴ፣ ኃይለ ገብርኤል። ጋሼ፣ የእርስዎ ሰው ነው እንዴ? የት ደረሰ?»

የት ደረሰ። ሰይፈሥላሴ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ። ይህችን ጥያቄ ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ራሱን ሲጠይቅ ኖሮ፣ መልሱን አሁን አውቶቡስ ውስጥ ከየት ያምጣው?

«ተሳፋሪ አይደለም» አለች አደሴ። «ስም ላኩ ስትለን የምንሄደውንም የሚጸለይለትንም አንድ ላይ ልኬልህ ነው። እሱ ለጸሎት ነው።»

«ውይ፣ ይቅርታ እትዬ። አሟቸው ነው?»

«መንገደኛ ነው።»

መጀመሪያ የገባት አስቴር ነበረች። ነጠላዋን በጡጫዋ ሰብስባ አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ «ሞቲ ነው፣ ሞቲ ነው» የሚል ሹክሹክታ ከረድፍ ወደ ረድፍ ሄደ፤ ከኋላ ወንበር ሲደርስ ሳቁ ድርግም አለ። ጌዲዮን ቁጥር ሃያ ሦስትን በስክሪብቶ ሰረዘ፤ መሰረዙ ደግሞ የባሰ ነገር እንደሆነ ገብቶት ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ።

ሰንበት ትምህርት ቤቱ ድሮ በዓመት ሦስት ጊዜ ሩቅ ሩቅ ገዳማት ይወስድ ነበር። አሁን መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሹፌሩም አይደፍርም፣ ቤተሰብም አይለቅም። ስለዚህ በዚህ ጥቅምት የታሰበው የአንድ ቀን ጉዞ እዚሁ በቅርብ ነው፦ ሳሪስ አቦን ተሳልሞ፣ ወንዙ ዳር ያለውን ጠበል ጠጥቶ፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ማዶ ወዳለው ገደሉ ኪዳነ ምሕረት ወደሚባለው ትንሽ ገዳም መውጣት። ሰው በየቀኑ በሚኒባስ የሚያልፈውን መንገድ በነጭ ልብስና በመዝሙር ያልፈዋል።

ሰይፈሥላሴ መዝሙሩን በከንፈሩ ብቻ ተከተለ። እጁ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው፣ እጁ ውስጥ ደግሞ በአራት የታጠፈች ወረቀት አለች። እሱም እንደ ሚስቱ ያንኑ ስም ጽፎ ይዟል። ልዩነቱ፣ እሷ ያስመዘገበችው ከሕያዋን ጋር እንዲጸለይለት ነው፤ እሱ ግን ከሙታኑ ጋር ሊያስጽፈው ነው የወጣው። ይህን አደሴ አታውቅም። እንድታውቅም አልፈለገም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞቲ በየዳ ነበር የሚሠራው፤ ቱሉ ዲምቱ ካሉት ብሎኮች ስንቱ በር በእጁ እንደተበየደ እሱም አይቆጥረውም። በሃያ አራት ዓመቱ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከጓደኛው ከጂራታ ጋር በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። ከናይሮቢ ደወለ። ከዚያ ስሙን እንኳ ከማያውቀው አገር ደወለና «አባዬ፣ ነገ ወንዝ እንሻገራለን፤ ከዚያ ወዲያ ይቀላል» አለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም።

ባለፈው ሐምሌ ጂራታ ከእስር ተለቆ ተመለሰ። ሰይፈሥላሴ ወደሚሠራበት ብረታ ብረት ፋብሪካ መጣ፤ ሰይፈሥላሴ በር ላይ ነው፣ የገባውንና የወጣውን ሰው ስም ይጽፋል። ጂራታ መዝገቡ ላይ ሳይፈርም፣ የገዛ እግሩን ጣቶች እያየ ተናገረ። «ጋሼ፣ ወባ ነው መሰለኝ፣ መቆም አቃተው። ደላሎቹ ተነሡ አሉን። ዛፍ ሥር አስቀመጥነው። ውኃ ትተንለታል። ይተነፍስ ነበር።» ሌላ ምንም አላለም፤ ሄደ። በዚያ ቀን ሰይፈሥላሴ ስንት የገባ ሰው በወጣ ዓምድ እንደጻፈ አለቃው ነው ያየው።

ለአደሴ ምን ብሎ ይንገራት? ዛሬ፣ ነገ ሲል ሦስት ወር አለፈ። እንቅልፍ የነሳው ግን ሌላ ነው። ልጁ ሞቶ ከሆነ ሞቶ የኖረው ያለ ፍትሐት ነው። ዕጣን አልታጠነለትም፣ አርባ አልወጣለትም፣ ተዝካር የለው፣ አንድ ቄስ እንኳ «ነፍስ ይማር» አላለለትም። የሰው ልጅ አባት እያለው እንዲህ ይሆናል? ሰፈር ውስጥ ፍትሐት ቢያስደርግ ወዲያው ወሬው ቤቱ ይደርሳል። ገዳም ግን ስም ተጽፎ ይቀራል። መነኮሳቱ ይጸልያሉ፣ አደሴም ጠበሏን ይዛ በሰላም ቤቷ ትገባለች። እንዲህ ነበር ያሰበው።

ሳሪስ አቦ ሲደርሱ ጌዲዮን ሰውን ሰብስቦ የቤተ ክርስቲያኑን ታሪክ ከስልኩ ማንበብ ጀመረ።

«ልጄ» አለች አስቴር ነገሩን ለማለዘብ፣ «እኔ እዚሁ ነው ክርስትና የተነሣሁት። ለእኔ ነው የምታስጎበኘው?»

«እትዬ አስቴር፣ መርሐ ግብሩ ላይ ማብራሪያ ይላል።»

«አብራራ በል። እኔም ስጠመቅ አልቅሼ ስለነበር ብዙ አላየሁም።»

ሰው ሳቀ፤ አሁን ግን በቀስታ፣ ወደ ሰይፈሥላሴና ወደ አደሴ እያየ። ሰው ሲያዝንልህ ሳቁን እንኳ እንደ ጋለ ብርጭቆ ነው የሚይዘው። አደሴ ይህን ሁሉ አላየችም። ጫማዋን አውልቃ ግድግዳው ሥር ተንበርክካ ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አድርጋለች። ሰይፈሥላሴ ከኋላዋ ቆሞ የጠበቃት የተሰነጣጠቀውን ተረከዟን እያየ ነው። ስትነሣ ፊቷን ላለማየት ጫማዋን ሊያቀብላት ጎንበስ አለ።

ጠበሉ ጋ ሰልፉ ረጅም ነበር። ሁሉም የሃይላንድ ጠርሙሱን ይዟል። አደሴ አንዱን ሞልታ ለባሏ አቀበለችው።

«ያዝልኝ። ይህ የሱ ነው።»

ያዘው። ውኃው ይቀዘቅዛል። በሄደችበት ጉዞ ሁሉ ለሞቲ አንድ ጠርሙስ ታመጣለች። አልጋቸው ሥር አሥራ አንድ ተደርድረዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ውስጣቸው አረንጓዴ ነገር አብቅሏል። አንድ ቀን ሰይፈሥላሴ «ቢያንስ እነዚህን እንኳ አትክልቱ ሥር እናፍሳቸው» ቢላት፣ «ሲመጣ እሱ ያፍሳቸው» ብላ ነበር።

ምሳ ከጠበሉ በላይ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ተበላ። በሶውም፣ ዳቦ ቆሎውም፣ የአስቴር ድንች ወጥም እየተዘዋወረ። አስቴር የራሷን ሳህን ይዛ መጥታ ሰይፈሥላሴ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሰይፉ፣ ያን ጠዋት ያልኩትን… አፌን ይያዘውና፣ በክርስትና ስሙ አላውቀውም እኮ።»

«ምን አጠፋሽ።»

«እኔ ነኝ እኮ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት። ኳሱን ስንቴ ቲማቲሜ ላይ እንደጣለው! እናቱ ትከፍላለች እያለ ይሮጣል።»

«ከፍላሻለች?»

«የት አባቷ!» አለች፤ ሊስቁ ሲሉ ሁለቱም ተዉት። አስቴር አደሴ መራቋን ዞር ብላ አየች። «እውነቱን ንገረኝ፣ ምንም ወሬ የለም?»

«የለም» አለ ሰይፈሥላሴ፤ ድንቹን ወደ አፉ አድርሶ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው።

ገደሉ ኪዳነ ምሕረት ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። አውቶቡሱ ታች ቀርቶ ሽቅብ በእግር ነው። ከላይ ሆኖ ወደ ኋላ ሲያዩ ኮንዶሚኒየሙ እስከ ኮዬ ፈጬ ድረስ ተዘርግቷል፤ ከዚህ በርቀት የሰው መኖሪያ ሳይሆን ተደርድሮ የተረሳ ብሎኬት ይመስላል። ሰይፈሥላሴ በሮቹን አሰባቸው። ከዚህ አይታዩም።

ከገዳሙ በር በፊት አለቱ ለሁለት ተሰንጥቆ የቀረ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ኃጢአት ያለበትን ይይዘዋል ይባላል። ጌዲዮን ይህንንም ሊያብራራ ሲል ሰው ቀደመው፤ ስልኩን እያወጣ ተሰለፈ። አስቴር መሐል ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ያዘሽ!» አሉ ከኋላ።

«ኃጢአት አይደለም፣ ዳቦ ነው!» ብላ ጮኸች፤ ሁለት ሴቶች እጇን ስበው አወጧት። ቀጥሎ ሰይፈሥላሴ ገባ። ኮቱ እንኳ አለቱን ሳይነካው በሌላው በኩል ወጣ፤ ሦስት ዓመት ሥጋውን ጨርሶታል።

«ጋሽ ሰይፉ ጻድቅ ወጡ!» አሉ ወጣቶቹ አጨብጭበው። እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ ወረቀቷን ዳበሳት። ከሚስቱ ደብቆ ልጁን ሊቀብር የመጣ ሰው በዚህ አለት እንዲህ በቀላሉ ካለፈ፣ አለቱም ሰው እየለየ አይደለም ማለት ነው።

ሰው ወደ ቤተ መቅደሱ ሲገባ ሰይፈሥላሴ «ውኃ ልሽና» ብሎ ወደ ኋላ ቀረ። ስም የሚጽፉት መነኩሴ፣ አባ ተስፋሚካኤል የሚባሉ፣ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ከአንዲት የተማሪ ዴስክ ጋር ተቀምጠዋል። ዴስኩ ላይ ሁለት ደብተር አለ። የሕያዋኑ ሽፋን ላይ ኳስ የሚመታ ተጫዋች፣ የሙታኑ ላይ አበባ። ሱቁ የሸጠላቸውን ነው እንጂ የመረጡት አይመስልም።

ሰይፈሥላሴ መስቀላቸውን ተሳለመ። ወረቀቷን ዘርግቶ አበባው ያለበት ደብተር ላይ አስቀመጣት።

«ኃይለ ገብርኤል» ብለው አነበቡ አባ ተስፋሚካኤል። «ምንህ ነው?»

«ልጄ ነው አባታችን።»

«እግዚአብሔር ያጽናህ። መቼ ዐረፈ?»

«አላውቅም።»

«የት ተቀበረ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ሬሳውን ማን አየ?»

«ያየ የለም።»

መነኩሴው ስክሪብቶውን አስቀመጡ። «ታዲያ ሞተ ብሎ ማን ነገረህ?»

ሰይፈሥላሴ ተንበረከከ፤ ዴስኩ አጭር ስለሆነ ነው እንጂ ለስግደት አልነበረም። የጂራታን ነገር ነገራቸው። ወባውን፣ ዛፉን፣ ውኃውን።

«አባታችን፣ እኔ እንዲህ ብዬ ነው ያሰብኩት። በሕይወት ካለ፣ ከሙታን ጋር ቢጸለይለት ምን ይጎዳዋል? ሞቶ ከሆነ ግን፣ ይኸው ሦስት ዓመት ሁሉም በመንገድህ ጠብቀው እያለ ይጸልይለታል። የሚሄድበት መንገድ እኮ የለም። ማን ይደርስለታል? እናቱ እንዳትሰማ ብቻ።»

አባ ተስፋሚካኤል ወረቀቷን ወደ ጎን አደረጉ። ስክሪብቶውን አነሡ፤ አበባውን ገለጡ።

«አባቴ፣ እጅዎን ይያዙልኝ።»

አደሴ ከኋላው ቆማለች። ጫማዋን ቤተ መቅደሱ ደጃፍ ትታው ስለመጣች ኮቴዋ አልተሰማም። ሰይፈሥላሴ እንደተንበረከከ ዞረ።

«አደሴ፣ እኔ…»

«ጂራታ መጀመሪያ የመጣው ወደ እኔ ነው» አለች። አልጮኸችም። «በሐምሌ፣ ዝናቡን ለብሶ መጣ። እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ለጋሼ እንዴት ልንገራቸው ሲለኝ፣ ሂድና ፋብሪካው በር ላይ ታገኘዋለህ፣ ንገረው ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ።»

«አውቀሽ ነበር?»

«ያን ቀን ራት ሳላቀርብ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁህ። መጥቶ ይነግረኛል፣ አብረን እናለቅሳለን ብዬ። ገባህ፣ ታጠብህ፣ ደክሞኛል ብለህ ተኛህ። በማግስቱም ጠበቅሁህ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «በኋላ ምን ብዬ እንዳሰብኩ ታውቃለህ? ሰይፉ ያልነገረኝ የጂራታን ነገር ስላላመነው ነው አልኩ። ሞቲ በሕይወት አለ ብሎ ቢያምን ነው እንጂ እንዲህ ያለ ነገር በሆዱ ይዞ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል አልኩ። እኔ የጸናሁት ባንተ ዝምታ ነው እኮ።»

«አልተኛሁም» አለ ሰይፈሥላሴ። «አንድም ቀን አልተኛሁም።»

«እኔ ደግሞ የተኛህ መስሎኝ እንዳልቀሰቅስህ ትራሱን እነክሳለሁ።»

ከታች ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ከቤተ መቅደሱ የሚወጣው ሰው ወደ ዴስኩ መቅረብ ጀምሮ ነበር፤ አስቴር ከፊት ናት። ሁለቱን አየችና እጇን ዘርግታ ሌላውን ሁሉ ወደ ኋላ መለሰች። በሕይወቷ ምንም ሳትናገር ያሳለፈችው ነገር ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አደሴ ከባሏ ጎን ተንበረከከች። እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ሦስት ወር ሙሉ የጠበቀችው ልቅሶ ዛሬ በሰው ደጅ፣ በማይመች ሰዓት መጣላት። ለየብቻቸው ሲያለቅሱ የኖሩ ሰዎች አንድ ላይ ማልቀስ ሲጀምሩ አይችሉበትም፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል። መነኩሴው ደብተሮቹን እንዳይረጥቡ ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

«ሲተነፍስ ነው የተዉት» አለች አደሴ መጨረሻ ላይ፣ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ። «ሲተነፍስ የተዉትን ልጅ እኔ አልቀብርም። እነሱ ትተውት ሄዱ። እኔም ልተወው?»

«ጸሎት አጥቶ ቢሆንስ?»

«ጸሎት አላጣም። ከአፌ መቼ ወርዶ ያውቃል?»

«ፍትሐት ግን የለውም አደሴ። ፍትሐት የለውም።»

አደሴ ነጠላዋን በጣቶቿ መጠቅለል ጀመረች። ጥሩምባው ሁለተኛ ተነፋ። ሰይፈሥላሴ ቀና ብሎ መነኩሴውን አየ። በሕይወቱ ሁሉ ገባ ወይ ወጣ እያለ ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ መሐል ላይ ዓምድ እንዲሠሩለት ሊለምን ነው።

«አባታችን፣ እንግዲህ እኔም ልክ ነኝ፣ እሷም ልክ ናት። በሁለቱም ደብተር ቢጽፉልንስ? ከሕያዋኑም፣ ከሙታኑም።»

አደሴ እንቢ አላለችም። ሁለቱም የመነኩሴውን ጣቶች ማየት ጀመሩ።

አባ ተስፋሚካኤል ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን አደረጓቸው። የስክሪብቶውን ክዳን ገጠሙ፤ መልሰው ነቀሉት።

«በሁለቱም ላይ የተጻፍነው እኛ መነኮሳቱ ብቻ ነን» አሉ። «ስንመነኩስ በቁማችን ፍትሐት ተደርጎልናል። ልጃችሁ መንኩሶ ነው?»